ካውያ ያረፈበት አበባ

«ከአንድ ቦይ፣ በአንድ ቀን የተለቀመ አንድ ተክል። ሁለት የአስተኔ ስም!» አሉ የባዮሎጂ መምህርቷ፣ ሁለት ነጭ ካርቶኖች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን እያስቀመጡ። «እንግዲህ ወይ ተክሉ ሁለት ቤተሰብ አለው፣ ወይ ከናንተ አንዳችሁ ተሳስታችኋል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ፌንጣ ግን አልሳቀችም። አንደኛው ካርቶን የሷና የጓደኛዋ የሬዲዮ ነበር። ፌንጣ እግሯ የረዘመ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። ሬዲዮ ደግሞ ከወሬ የምታርፈው ስትተኛ ብቻ ነው፤ እሱንም አብራት የምትተኛው እህቷ ትጠራጠራለች። ሌላኛው ካርቶን የሽማግሌው ነው። ሽማግሌው በዕድሜ እኩያቸው ነው፤ ነገር ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ስለሚሄድና አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ስለሚፈጅበት ይህ ስም ወጣለት። የክፍሉ ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሲደረጉ አንድ ሰው ተርፎ ስለነበር የሚሠራው ብቻውን ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ ቡድን አሥር ተክል ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ካርቶን ላይ አስፍሮ፣ አስተኔውን ማለትም የተክሉን ቤተሰብ ለይቶ እንዲጽፍ ታዟል። ያሸነፈው ቡድን በዕረፍት ወር ሁለት ሳምንት ሙሉ የደረቁ ዕፅዋት ወደሚቀመጡበት ትልቅ ክፍል ይሄዳል። እዚያ መቶ ዓመት የሞላቸው አበቦች በመሳቢያ ተደርድረዋል፤ ለእያንዳንዱ እንግዳም የራሱ ማይክሮስኮፕ ይሰጠዋል አሉ። ፌንጣ ማይክሮስኮፑን በሕልሟ ሳይቀር ማስተካከል ጀምራለች። በዘጠኙ ተክሎች እሷና ሽማግሌው እኩል ናቸው። የቀረችው ሰባት ቁጥር ብቻ ናት፤ ከውሃ ፓምፑ ጀርባ ካለው ቦይ የተለቀመችው ሰማያዊ አበባ።

የፌንጣ ካርቶን ያምራል። ቀጭኑ ግንድ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ስምንቱ ቅጠሎች አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ እያሉ እንደ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣሉ። የሽማግሌው ግን ማየትም ያሳፍራል፤ አንድ እርቃኑን የቀረ የተጨማደደ ግንድ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ አንድ የወረቀት ከረጢት።

«እስኪ አንተ፣ ጄንሺያን ያልከው በምን ምክንያት ነው?» አሉ መምህርቷ።

ሽማግሌው ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። «እንቡጡ… የተጠመዘዘ ነበር። እንደ… ተጨመቀ ፎጣ። ግንዱን ስቆርጠው ወተት አልወጣውም። ወንዴ ዘንጎቹ አምስት ናቸው፤ ከአበባው ቱቦ ጋር ተጣብቀዋል። ቅጠሉም… ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ፊት ለፊት የወጣ መስሎኝ ነበር።»

«መስሎኝ ነበር?»

«ሲደርቅ ረገፈብኝ። ከረጢቱ ውስጥ ነው። ግንዱም ተጨማዶ ቦታው አይለይም።»

መምህርቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎበዝ። ያልከው ሁሉ የጄንሺያን አስተኔ ምልክት ነው። ቡናም የሩቅ ዘመዱ ነው፤ የቡናም ቅጠል ጥንድ ጥንድ ነው የሚወጣው። ቡና ግን በጥንዶቹ መካከል ትንሽ ቅርፊት አለችው፤ ጄንሺያን የለውም። ጣዕሙም መራራ ነው። የማታውቁትን ተክል እንዳትቀምሱ ማለቴን ግን እንዳትረሱ!»

ሬዲዮ በድንገት የጫማዋን ማሰሪያ መመርመር ጀመረች።

«እናንተስ?»

«ካምፓኑላ ብለናል፣ የደወል አበባ ቤተሰብ፣ ቲቸር» አለች ፌንጣ። «ቅጠሉ እየተፈራረቀ አንድ በአንድ ስለወጣ። ጄንሺያን ቢሆን ኖሮ ጥንድ ጥንድ ይሆን ነበር።»

ሽማግሌው እጁን አጣምሮ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። የፌንጣን ካርቶን ጎንበስ ብሎ አየው፤ አሁንም አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «የሷ ቅጠል አልረገፈም። እኔ ያለኝ ትዝታ ነው፤ የሷ ግን ተክሉ ራሱ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» ይህን ብሎ ከኪሱ ላጲስ አወጣ።

«ኧረ ቆይ፣ አትቸኩል!» አሉ መምህርቷ። «ቦዩ ትናንት ባይጠረግ ኖሮ ሄደን እናይ ነበር። አሁን ያለን ይኸው ነው። ነገ ጠዋት ከደወሉ በፊት ተነጋግራችሁ አንድ ስም ይዛችሁልኝ ኑ።»

ሬዲዮ በደስታ የፌንጣን ክንድ ቆነጠጠች። ፌንጣም ፈገግ አለች፤ ግን «የተጨመቀ ፎጣ» የሚለው ነገር ከጆሮዋ አልወጣ አለ። እሷም ያንን እንቡጥ አይታው ነበር፤ እንደዚያው የተጠመዘዘ ነበር።

አባቷ ላውንደሪ አለው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኖ፣ አባቷ የአንድ ሰው ካፖርት ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘችው። አንድ ቁልፍ ከካፖርቱ ተነቅሎ ወድቋል። አባቷ ቁልፉን አንስቶ ትንሽዬ ፖስታ ውስጥ ከተተ፤ ፖስታው ላይ «በእኛ እጅ የወደቀ ቁልፍ» ብሎ ጽፎ በመርፌ ቁልፍ መስቀያው ላይ አያያዘው። ይህን ሲያደርግ ሺህ ጊዜ አይታዋለች። ዛሬ ግን ነገር አማራት።

«አባዬ፣ አንተ መስፋት ትችላለህ እኮ። ለምን ሰፍተህ አትገላገልም?»

«የት ላይ ነው የምሰፋው? ክሩ ከነሥሩ ተነቅሎ ቦታው አይታይም። ሦስተኛው ላይ የነበረውን አራተኛው ላይ ብሰፋው፣ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሆዱ ጠሞ ሊውል ነው?» አባቷ በራሱ ቀልድ ሳቀ። «ባለቤቱ ቦታውን ያውቀዋል። የኛ ሥራ የወደቀውን አለመጣል፣ ከዚያ መውደቁን መናገር ነው። በይ እስኪ ያንን ካውያ አቀብዪኝ።»

ፌንጣ ካውያውን አነሳችና ባለችበት ቆመች።

ካውያው! ሰዎች ተክል የሚያደርቁት በጋዜጣ መሀል አድርገው፣ ከባድ ነገር ጭነው፣ ሁለት ሳምንት በትዕግሥት ጠብቀው ነው። የላውንደሪ ልጅ ግን ሁለት ሳምንት የምትጠብቅበት ምን ምክንያት አላት? ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ አበባዋን በሁለት ጋዜጣ መሀል አስተኝታ፣ ካውያውን «ጥጥ» ከሚለው ላይ አድርጋ፣ ጭጭጭ አድርጋ ተኮሰቻት! ጋዜጣውን ስትገልጠው ስምንቱም ቅጠሎች ረግፈው ነበር። መምህርቷ የረገፈ ነገር በከረጢት ይቀመጣል እንጂ አይለጠፍም ብለዋል። ታዲያ ከረጢት ያስጠላል! ፌንጣ ሙጫዋን አውጥታ ቅጠሎቹን አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ፣ ዓይን እንደሚማርክ አድርጋ ደረደረቻቸው። ከሁለት ቀን በኋላ የአስተኔ መለያ መጽሐፉን ከፍታ «ቅጠሉ ጥንድ ነው ወይስ ተፈራራቂ?» የሚለው ጥያቄ ጋ ስትደርስ ካርቶኑን አየች። ተፈራራቂ ነው። «ካምፓኑላ!» ብላ ጻፈች። የደረደረቻቸው ራሷ መሆኗን ጨርሶ ረስታው ነበር። ጉድ እኮ ነው!

አሁን ግን ታውቃለች። ችግሩም ማወቋ ነው።

«የት አለሽ አንቺ ባለማይክሮስኮፕ!» እያለች ሬዲዮ በሩን በርግዳ ገባች። «ለአክስቴ ነግሬያለሁ፤ ለጎረቤቶቹም ነግሬያለሁ፤ ዳቦ ሻጩ ራሱ እንኳን ደስ ያለሽ ብሎኛል!»

«ሬዲዮ፣ ዝም በይና ስሚኝ።»

ፌንጣ ሁሉንም ነገረቻት።

«መራራ ነበር» አለች ሬዲዮ በቀስታ።

«ምኑ?»

«ተክሉ ነዋ። ቦዩ ጋ ቀምሼዋለሁ። ቅጠሉን በጥርሴ እንዲህ ብቻ ነክቼ ተፋሁት። ኧረ አይጣል ነው! አመሻሹ ድረስ ምላሴ ሬት ሬት ሲል ቆየ። ያን ቀን ለምን እንዳላወራሁ አልጠየቅሽኝም እኮ!»

«ሞኝ! መርዝ ቢሆንስ?»

«እሱን ከተፋሁት በኋላ ነው ያሰብኩት።»

ሳቁ አሸነፋቸው፤ የእውነት ሳቁ። ከዚያ ፌንጣ አባቷ ልብስ ላይ የተሰፉትን ደቃቅ ጽሑፎች የሚያነብበትን አጉሊ መነጽር አመጣች። አንዱን ቅጠል በምላጭ ጫፍ ቀስ ብላ ከካርቶኑ አላቀቀችው። ከሥሩ ያለው ግንድ ላይ አንዲት ነጥብ የምታህል ጠባሳ ታየች፤ ከግንዱ ወዲያ ማዶ፣ ልክ ከፊቷ፣ ሌላ ጠባሳ። ከፍ ብላ ስታይ እንደገና ሁለት፣ ፊት ለፊት። ካውያ የተኮሰው ግንድ እንደ ሽማግሌው አልተጨማደደም፤ ጠፍጥፎ ስለደረቀ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታያል።

«ጄንሺያን ነው» አለች ፌንጣ። «ሽማግሌው ልክ ነበር።»

ሬዲዮ ወደ ካርቶኑ፣ ወደ ፌንጣ፣ እንደገና ወደ ካርቶኑ አየች። «ስሚኝ። ያቺን አንዲት ቅጠል መልሰሽ ብትለጥፊያትስ? እሱ ራሱ ተሳስቻለሁ ብሏል፤ አላስገደድነውም። ነገ ላጲሱን ያወጣል፣ ይፍቃል፣ አለቀ። ፌንጣ፣ ማይክሮስኮፑ እኮ ነው!»

እሱን ማን ይረሳዋል? ፌንጣ የተነቀለችውን ቅጠል በጣቷ ጫፍ ይዛ ቆመች። ሙጫው እዚያው መደርደሪያው ላይ አለ። ማይክሮስኮፑን ፈልጋዋለች፤ ከልቧ ነው የፈለገችው፤ እንባዋ እስኪመጣ ድረስ። ዓይኗ ላይ የሚመጣባት ግን ሽማግሌው ነበር። እንቡጡን አይቶ፣ ወተቱን ፈትሾ፣ ዘንጎቹን ቆጥሮ፣ የሷን ሙጫ ስላመነ ብቻ ላጲስ ያወጣ ልጅ። ነገ የሚፍቀው ትክክለኛውን መልስ ነው። አፈረች።

«አባዬ» አለች፣ ወደ ውስጥ ጮክ ብላ። «አንድ የቁልፍ ፖስታ ትሰጠኛለህ?»

«የማን ቁልፍ ወደቀ?»

«የኔ።»

አባቷ ፖስታውን ሰጥቷት ወደ ካፖርቱ ተመለሰ። ሬዲዮ በረጅሙ ተነፈሰችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ለዳቦ ሻጩ ግን አንቺ ነሽ የምትነግሪው» አለች፣ ሌላ ምላጭ እያነሳች። ሰባቱን ቅጠሎች አንድ በአንድ አላቀቋቸው።

ጠዋት ፌንጣ ትምህርት ቤት የደረሰችው እየሮጠች ነው። ሽማግሌው ቀድሟት ክፍል ገብቷል። ካርቶኑ ፊቱ ተዘርግቷል፤ ላጲሱ እጁ ላይ ነው።

«ቆይ! እንዳትነካው!»

የራሷን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። እርቃኑን የቀረ ግንድ፤ ጥጉ ላይ የላውንደሪ ፖስታ። ከታች በእጅ ጽሑፏ እንዲህ ይላል፦ «ስምንት ቅጠሎች። ካውያ ያረገፋቸው፣ እኔ በስህተት የለጠፍኳቸው፣ እንደገና የተነሱ። ጠባሳቸው ጥንድ ጥንድ፣ ፊት ለፊት። ጣዕሙ መራራ (በሬዲዮ ምስክርነት)። ጄንሺያን።»

ሽማግሌው አነበበው። አጉሊ መነጽሩን ተቀብሏት ጠባሳዎቹን ከታች እስከ ላይ አያቸው። ፌንጣ ቆማ መጠበቅ አቃታት፤ በአንድ እግሯ፣ ከዚያ በሌላው ቆመች።

«ካውያ?» አለ በመጨረሻ።

«አዎ፣ ካውያ።»

«ምን… ላይ አድርገሽው?»

«ጥጥ ላይ።»

ሽማግሌው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አሰበበት። «ሐር… ላይ ብታደርጊው ይሻል ነበር» አለና ሳቀ። ፌንጣ ሲስቅ አይታው አታውቅም። ላጲሱን ወደ ኪሱ መለሰው።

ደወሉ ሊደወል አምስት ደቂቃ ቀርቷል። ፌንጣ ሁለቱን ካርቶኖች አነሳች። ቀድሞ ልክ የነበረውን የሱን ከላይ፣ የራሷን ከሥር አድርጋ ይዛ፣ ወደ መምህራን ክፍል ሄዳ በሩን አንኳኳች።