የቃፊሯ ስም

ይህ ታሪክ የተፈጸመ ነው። "ፈጠራ ነው" የምትሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ቦታው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። ጊዜው ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ፣ ሰሊጥ የሚታጨድበት ሰሞን። ሰዓቱ ደግሞ... ከቀኑ ስድስት ሰዓት።

አዎ፣ ከቀኑ። ክፉ ነገር በሌሊት ብቻ ይመጣል ያላችሁ ማነው? የቆላ ሰው ከሌሊቱ ይልቅ ቀትሩን ይፈራል።

ባለታሪኩ ይልቃል ይባላል። የመተማ ልጅ ነው። ነገሩን ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት፤ እኔ የጨመርሁበት የለም።

ይልቃል የሚሠራው ሙዳሲር በሚባል ሱዳናዊ ሰው ሱቅ ውስጥ ነው፤ የሰው ስልክ ቻርጅ ያደርጋል። መብራት የሚመጣው ሲፈልገው ስለሆነ ጣሪያው ላይ ሁለት ሶላር አለ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስልኩን እዚያ ያመጣል። በቀትር ሱቁ ይዘጋና ሙዳሲር በረንዳው ላይ ካለው የገመድ አልጋው ላይ ይጋደማል። ይልቃል ከመጋረጃው ጀርባ ይቀርና... ይጽፋል።

የሚጽፈው "ጥቁሩ ካርታ" የሚል ተከታታይ ልብ ወለድ ነው፤ በቴሌግራም ቻናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስልኩ ላይ የጦር ስልት ጨዋታ አለው፤ ለብቻው፣ ከስልኩ ጋር የሚጫወተው። ምሽግ ትሠራለህ፣ ወታደር ታሰለጥናለህ። ካርታው ግን ጥቁር ነው። ቃፊር ልከህ ካላሰስኸው በቀር ምን እንዳለበት አታውቅም። ይልቃል አንድ ተራ ይጫወታል፣ የሆነውን እንደ ታሪክ ይጽፋል፣ ለማስረጃ የጨዋታውን ፎቶ ከሥሩ ይለጥፋል። ቀጥሎ ምን ይደረግ የሚለውን አንባቢ ድምፅ ይሰጥበታል።

አራት ሺህ አንባቢ አለው። አራት ሺህ ራስ ምታት በሉት።

ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ ያደረበትን ክፍል ሲለጥፍ፣ ደቂቃ ሳይሞላ "ቀጥል" ይሉታል። "ቀጣዩስ?" ይሉታል። አንዱ ጽሑፉን እንዳለ ወስዶ በራሱ ቻናል በራሱ ስም ይለጥፈዋል። ሶፎኒያስ የሚባል ደግሞ አለ፤ ሥራው ሕግ መቁጠር ነው። "ቃፊር በአንድ ተራ ሦስት ካሬ ብቻ ነው የሚሄደው። አራት አስኪደሃል። አርም!"

ይልቃል አንጀቱ እያረረ ያርማል። አንድም ቀን ከጨዋታው ውጪ ጽፎ አያውቅም፤ የሚኮራውም በዚህ ነበር። ኋላ ያቃጠለውም ይኸው ኩራት ነው።

ነገሩ የጀመረው ቃፊሩ ሲሞት ነው። ቃፊሩ በአንድ አንባቢ ስም አቡሽ ተብሎ ነበር። ሲሞት ባለስሙ "ለምን ገደልኸኝ?" ብሎ ሳምንት ሙሉ አላስቆም አላስቀምጥ አለው። አዲስ ቃፊር ሲወጣ ሁሉም "የኔን ስም! የኔን ስም!" ብሎ ተንጫጫ።

ይልቃል ደሙ ፈላ። የማንንም ስም አልሰጥም አለና፣ አፉ ላይ የመጣለትን ጻፈ።

"ወለተ ኪዳን፣ የበለጠች ልጅ።"

ወለተ ኪዳን የታናሽ እህቱ የማስተዋል የክርስትና ስም ነው። በለጠች እናታቸው ናት።

የእኛን አገር ሰው ለምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። ለማታውቁ ግን... የክርስትና ስም ከነእናት ስም ለባዳ አይሰጥም። ክፉ የሚፈልግህ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። የማታየው ነገር በሱ ሲጠራህ አቤት ካልህ ደግሞ፣ አለቀልህ።

ማስተዋል የሠራተኛ ምግብ አብሳይ ናት፤ ከከተማው በትራክተር ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ የሰሊጥ እርሻ፣ ካምቦ ውስጥ። ለዕቃ ግዢ ከተማ ስትመጣ ታሪኩን አነበበችው። ከንፈሯ ደረቀ።

"ወንድምዬ... ይህን ስም ለስንት ሰው ነገርህ?"

"ለአራት ሺህ" ብሎ ሳቀ።

"እናቴ እንኳ ደጅ ላይ ቆማ አትጠራኝም በሱ! አውጣልኝ።"

"ወደ ምሽጉ ስትመለስ ስሟን እቀይረዋለሁ። አሁን ከቀየርሁት ሶፎኒያስ ያብዳል።"

"ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ይልቃል። አውጣልኝ ብየሃለሁ!"

"እሺ አልሁ እኮ!"

እሺ ብሎ ተወው። እሷም ቅዳሜ ወደ ካምቦዋ ተመለሰች።

ማክሰኞ ቀትር... ስድስት ሰዓት።

መንገዱ ላይ ሰው የለም። ባጃጆቹ ጥላ ይዘው ቆመዋል። የሙዳሲር ማንኮራፋት ከበረንዳው ይሰማል። ይልቃል ድምፅ መስጫውን ለጠፈ፤ "ቃፊሯ ወደ ጥቁሩ ትቀጥል ወይስ ትመለስ?"

ከዚያ ጨዋታውን ከፈተ።

ቃፊሯ ትናንት ያቆማት ቦታ ላይ የለችም።

ሦስት ካሬ ወደ ጥቁሩ ገብታለች። እሱ ግን ተራ አልተጫወተም።

"ረስቼ ይሆናል" አለ። ወደ ቻናሉ ሲመለስ አንድ አስተያየት አገኘ። የጸሐፊው ፎቶ ባዶ ነው። ስሙ አንዲት ነጥብ ብቻ ናት።

"አንዴ ጠራኋት። አቤት አላለችም።"

ደግሞ አንዱ ሊቀልድ መጣ ብሎ ተናደደ። "ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ አርፈህ አንብብ" ብሎ መለሰለት።

ነጥቡ ወዲያው ጻፈ።

"የቀኝ ጫማዋ ተበጥሷል። ከዚህ በኋላ አትፈጥንም።"

ይልቃል ስለ ጫማ አንድም ቃል ጽፎ አያውቅም።

ያን ጊዜ ነው ከስልኩ አናት ላይ ያየው። ሸበካው፣ ኔትወርኩ፣ ጠፍቷል። ዳታ የለም... አንዲት መስመር እንኳ የለም።

የድምፁ ቁጥር ግን እየጨመረ ነው። "ትቀጥል"... "ትቀጥል"... "ትቀጥል"...

ስልኩን አጥፍቶ ሊያበራው ሲል፣ ያለ ሸበካ ጠራ። ማስተዋል ናት።

"ይልቃል" አለች በሹክሹክታ። "የት ነህ?"

"ሱቅ ነኝ። ምነው?"

"እዚህ አልመጣህም?"

"የት እመጣለሁ? ምን ሁነሻል?"

ትንፋሿ ይቆራረጣል።

"ለሠራተኞቹ ምሳ አድርሼ ስመለስ... ከሰሊጡ ውስጥ ጠራኝ። በክርስትና ስሜ። የበለጠች ልጅ ብሎ።"

"ማን?"

"ድምፁ ያንተ ነው።"

ይልቃል ከመቀመጫው ዘልሎ ተነሳ።

"አቤት እንዳትዪ! ሰማሽ? ምንም ቢሆን አቤት እንዳትዪ!"

"አላልሁም። ሁለቴ ጠራኝ። አሁን ከፊቴ ነው፣ ደግሞ ከኋላዬ ይሆናል። መንገዱ ጠፋብኝ... ነዶው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።"

"ሩጪ!"

"መሮጥ አልቻልሁም። ጫማዬ..."

"የቀኙ።"



"ማን ነገረህ?" አለች።

ስልኩን ሳይዘጋ ወደ ጨዋታው ገባ። ቃፊሯን ወደ ኋላ ሊመልሳት ነካት። አልተንቀሳቀሰችም። መሐል ላይ ጽሑፍ መጣ፤ "ተራው የባላጋራህ ነው።"

ባላጋራ? ምን ባላጋራ? ለብቻው የሚጫወተው ጨዋታ ነው እኮ!

ወደ ቻናሉ ተመለሰና ክፍሉን ሊያጠፋው ሞከረ። ክብ ምልክቷ ዞረች... ዞረች... "አልተሳካም።" ቻናሉን በሙሉ ሊያጠፋ ሞከረ። "አልተሳካም።" ሸበካ የለማ! የሰው ሁሉ አስተያየት ይገባል፣ የሱ ብቻ አይወጣም። ስልኩን ሊወረውረው ቃጣው፤ እህቱ ስልኩ ውስጥ ናትና አልወረወረውም። ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው። ዕድሉን ረገመ፣ እጁን ረገመ፣ ያን ቀን የጻፈበትን ጣት ረገመ። አንዲት ስም ቀይር ተብሎ ተለምኖ፣ ለሶፎኒያስ ብሎ!

ሶፎኒያስም ከዚያው አለ፤ ያልተለጠፈውን እንዴት እንዳየ እንጃ።

"ስድስት ካሬ ሄደች። ይህ ከሕጉ ውጪ ነው። አርም!"

"ይልቃል" አለች ማስተዋል። "ሦስተኛ ሊጠራኝ ነው። ደክሞኛል... ውሃ ጠምቶኛል። አፌ ራሱ ሊመልስለት ይፈልጋል።"

"አፍሽን ያዢው! በእጅሽ ያዢው!"

ስሟን ፍቆ ሌላ ሊጽፍ ሞከረ። ሶፊ አለ። "አልተሳካም።" እሌኒ አለ። "አልተሳካም።" የሰማውን ስም ሁሉ ጻፈ። ክቧ እየዞረች ትመልስበታለች። ላብ አጠመቀው።

ነጥቡ እንደገና ጻፈ።

"የሐሰት ስም አልቀበልም። በእውነተኛ ስም ምትክ እውነተኛ ስም።"

ይልቃል ጣቱን አነሳ። አንድ ስም ብቻ ቀርቶታል። ለማንም ነግሮት የማያውቀው፣ ሲቆርብ ብቻ የሚጠራበት ስም።

"ይቅር በይኝ" አለ፤ ለእህቱ ይሁን ለእናቱ እሱም አያውቅም።

ጻፈው። "ገብረ ትንሣኤ፣ የበለጠች ልጅ።"

ክቧ አልዞረችም።

በቅጽበት ተለወጠ። ስሟ በገባባቸው ዘጠኝ ክፍሎች ላይ፣ ወለተ ኪዳን በነበረበት ሁሉ፣ ገብረ ትንሣኤ ሆነ። እሱ የነካው አንዱን ብቻ ነበር።

በስልኩ በኩል ውሻ ሲጮህ ሰማ፣ ሰዎች ሲሳሳቁ ሰማ።

"ይልቃል..." አለች ማስተዋል ድምፅ አውጥታ። "ካምቦው ይኸውና! ከፊቴ ነበር እኮ። ሠራተኞቹ እነ ባንታምላክ ከዛፉ ሥር ተቀምጠዋል።"

"ዝም አለ?"

"ዝም አለ። ምን አድርገህ ነው?"

ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እንባው ወረደ። ተርፋለች... ለሱ ከዚህ በላይ የሚፈልገው አልነበረም።

ከበረንዳው የሙዳሲር ማንኮራፋት ቆመ።

የገመድ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ።

"ይልቃል!" አለ ሙዳሲር። መተማ ገበያ የኖረ ሰው ስለሆነ አማርኛ ይሞክራል። "ገብረ ትንሣኤ ማነው?"

ይልቃል ከወለሉ ተነሳ።

"የበለጠች ልጅ ይላል። እናት ያንተ በለጠች አይደለም?"

"ሙዳሲር..." አለ ይልቃል በሹክሹክታ፤ ሙዳሲር ግን አልሰማውም። "አትመልስ..."

"እህት ያንተ ናት፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰው! ማስተዋል መጣ!" ሙዳሲር በደስታ ሳቀ። እንግዳ ደጁ ላይ ቆሞ ዝም የሚል ሰው አይደለም። "አይዋ፣ አለ! ይልቃል ውስጥ አለ! ኢትፈደሊ፣ ግቢ፣ ግቢ!"

ስልኩ አሁንም እንደተከፈተ ነው።

"ማናት የመጣችው?" አለች ማስተዋል ከእርሻው። "ይልቃል? ማን ነው እዚያ በኔ ድምፅ የሚያወራው?"

ይልቃል መጋረጃውን በአንድ ጣቱ ገለጥ አደረገ።

በረንዳው ላይ ከሙዳሲር በቀር ፀሐይ ብቻ ነው ያለው። ሙዳሲር ለሴት እንግዳ እንደሚገባ ዓይኑን ወደ መሬት ሰብሮ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላውን የመስተዋት ብርጭቆ በሁለት እጁ ወደ ባዶው ደጅ ዘርግቷል።

ውሃው... ቀስ እያለ ጎደለ። ግማሽ ሆነ። አለቀ።

"መስኪና፣ ጠምቷታል" አለ ሙዳሲር፤ ሊደግምላትም ወደ እንስራው ዞረ።