የባርካን ናዳ

በአዝማር መንግሥት አዝመራው ገና ሳይሰበሰብ፣ የባርካን ተራራ በአንዲት ጀምበር ነጭ ካባ ለበሰ። አመዳይ ያለ ወራቱ ወርዷልና ሕዝቡ ተሸበረ። ከዚያ ሃያ ቀን ሙሉ ሰማዩ ጠርቶ አጥንት የሚሰብር ውርጭ ሆነ፤ በሃያ አንደኛው ቀን ዐውሎ ነፋስ አዲስ አመዳይ በአሮጌው ላይ ከመረበት።

የተራራውን ጠባይ በማንበብ የታወቁት ሽማግሌ፣ መምህር ጋልማድ፣ ቁልቁለቱን ቆፍረው አዩ። ላይኛው ንጣፍ እንደ ሰሌዳ ጠጥሯል፤ ከሥሩ ያለው አሮጌ አመዳይ ግን እንደ ጨው እየተፈረፈረ በጣቶቻቸው መካከል ፈሰሰ። ወደ ንግሥት ዘርሳሊ ዙፋን ቀርበው እንዲህ አሉ፦

«ግርማዊት ሆይ፣ ተራራው የቆመው በጨው ላይ ነው። ዛሬ ቢናድ ባዶው ገደል ይውጠዋል። ሌላ ዐውሎ ከጨመረበት ግን ገደሉን ሞልቶ የሰልዋን ከተማ ይቀብራል። ሳይከብድ እኛው እንናደው!»

«ማን ይወጣል?» አሉ ንግሥቲቱ።

«እኔ!» አለች የመምህሩ ደቀ መዝሙር ኢልማና። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነበር። «ሰልዋ ሳትተርፍ ላልመለስ፣ በአባቶቼ አጥንት እምላለሁ!»

መምህሩም አብረዋት ወጡ። ስንቃቸውን የተሸከመው ድምቡሽ ነበር፤ ኦርጎን ከሚባሉት ባለ አራት ቀንድ ጠጉራም አውሬዎች ወገን፣ ክብደቱ የአሥር በሬ። እናቱ ስትሞትበት ኢልማና በእጇ ወተት እያጠጣች አሳድጋዋለች። ዛሬም ስትቀመጥ ያንን ግዙፍ ራሱን ጭኗ ላይ ካልጣለ አይተኛም።

በሦስተኛው ቀን ከቁልቁለቱ ራስ ደረሱ። መምህሩ በወገባቸው ገመድ አስረው ንጣፉ መሐል ገቡ፤ ዘለሉ፤ ረገጡ። ተራራው ከሥራቸው «ዉምፍ» ብሎ አጉረመረመ እንጂ አልተሰነጠቀም።

«እርጅና አቅልሎኛል፤ ተራራውም ናቀኝ» አሉ ሲመለሱ። ፈገግታቸው ግን ወዲያው ጠፋ። በስተ ምዕራብ ጥቁር ደመና እየተነሣ ነበር። ሁለቱም ዞረው ድምቡሽን አዩት።

«አላስገድድሽም፣ ልጄ።»

ኢልማና ጭነቱን አወረደችለት። ግንባሯን ከግንባሩ አጋጠመች፤ የቀራትን ቆሎ ሁሉ ከመዳፏ አበላችው። ከዚያ የመምህሩን ዱካ እስከ መሐል ተከትላ፣ ቀስ ብላ ንጣፉን አቋርጣ፣ ማዶ ካለው ዓለት ላይ ወጣች።

«ድምቡሽ! ና፣ የኔ ጌታ!»

ጆሮውን አቅንቶ በደስታ እየዘለለ መጣ። ከመሐል ሲደርስ ንጣፉ እንደ መብረቅ ጮኾ ተሰነጠቀ፤ ቁልቁለቱ በሙሉ ነጭ ባሕር ሆኖ ወረደ። ድምቡሽ እስኪሰወር ድረስ ዓይኑን ከእርሷ ላይ አላነሣም። ገደሉ ናዳውን ሁሉ ዋጠው።

መምህሩ ዞረው ሲደርሱ እንደ ቆመች አገኟት።

«መምህር፣ እንዳታለልሁት ያወቀ ይመስልዎታል?»

«አላታለልሽውም» አሉ ካባቸውን እያለበሷት። «ና ወደኔ አልሽው፤ አንቺም እዚያው ነበርሽ። እርሱ ሌላ ምን ይፈልግ ነበር?»

ያን ጊዜ ደረታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

በዚያ የብርድ ወራት ዐውሎው ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በፀደይ ንግሥቲቱ የሰልዋን ሕዝብ ቤት ለቤት አስቆጠሩ፤ አንድም ሰው አልጎደለም።