የጀልባው ቦይለር

ካላመናችሁኝ ተዉት፣ አልለማመጣችሁም። እኔ የደረሰብኝን ነው የምጽፈው። አንድም ነገር አልጨመርኩበትም።

ዓርብ ቀን ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል። ቦታው መርሳ፣ አስፋልቱ ዳር ያለ የብረት ሥራ ግቢ።

ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ቡርቱካን እባላለሁ። ሥራዬ ቧንቧ ነው። ከወልድያ እስከ ውርጌሳ ቦይለር የሚያስገጥም ሰው እኔን ይጠራል። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፣ ይበሉ። ሥራዬን ግን የሚያማ የለም።

ጋሽ አብዱሰመድ የሚባሉ ነጋዴ ከሩቅ አገር አሮጌ የብረት ጀልባ ገዝተው በሎቤድ መኪና ግቢው ድረስ አስመጡ። አሳድሰው ሐይቅ ከተማ ሊወስዱትና ውሃው ላይ እንግዳ ሊያሳድሩበት ነው። እስከዚያው በርሜል ላይ ተቀምጧል፣ በመሰላል ነው የሚወጣው። ውስጡ አንዲት ጠባብ ክፍልና አንዲት ሻወር ቤት አለው።

"የኤሌክትሪክ ቦይለር ልግዛ?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ጀልባ ላይ መብራት ከየት ይመጣል? ጄኔሬተሩም አይችለውም። የጋዝ ይሁን። ግን አየሩን ከውጭ ስቦ ጭሱንም ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ይግዙ።"

ርካሹን ይዘው መጡ። የክፍሉን አየር የሚጨርሰውን።

ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እሺ አልኩ። እሺ ማለት አልነበረብኝም።

ጣሪያውን በስቼ የጭስ ማውጫ አወጣሁ። ከበሩ ሥር የአየር ማስገቢያ ከፈትኩ። የጋዝ ሲሊንደሩን ውጭ አደረግኩት። በዚህ ይበቃል አልኩና ዓርብ ዕለት ልሞክረው ገባሁ።

ውሃውን ከፈትኩ። ጧ... ጧ... ጧ... በራ። ነበልባሉ ሰማያዊ ነው። ደስ አለኝ።

ከዚያ በሩ ላይ ጓጉንቸር ሲቆለፍ ሰማሁ።

ቶፊቅ ነው፣ በያጁ። ልጆች እየወጡ ስለሚያስቸግሩት ለጁምዓ ሲሄድ ይቆልፋል። እኔን ምሳ የሄድኩ መስሎታል።

"ቶፊቅ! አለሁ እኮ!"

አዛኑ ድምፄን ዋጠው።

ስልኬ ወርክሾፑ ውስጥ ቻርጅ ላይ ነው። ግድ የለም፣ ሰግዶ ይመለሳል አልኩና ቦይለሩን ላጠፋ ዞርኩ።

ነበልባሉ ቢጫ ሆኗል...

ቢጫ ማለት አየር የለም ማለት ነው። ከበሩ ሥር ያለውን ቀዳዳ አየሁ። ብርሃን አይገባበትም። ጋዜጣና ፕላስተር።

ቀለም ቀቢው ነው፣ ጠዋት ጀልባውን ሊቀባ መጥቶ ነበር። ቀለም ከመርጨታቸው በፊት ቀዳዳ ሁሉ ይሸፍናሉ፣ ሁሌም እንደዚያ ነው የሚሠሩት። የጭስ ማውጫውንም ሸፍኖታል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሳላይ አበራሁ። አዎ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

ያ ጭስ አይሸትም፣ አይታይም። ያስተኛል... ከዚያ አያስነሳም።

ውሃውን ዘጋሁት። ቦይለሩ ጠፋ።

"አታጥፊው..."

የሴት ሹክሹክታ ነው። ከግድግዳው ማዶ።

"ማነሽ?" አልኩ።

"እዚህ ነኝ።"

"እባክሽ ሰው ጥሪልኝ። ተቆልፎብኛል።"

ግድግዳውን በመዳፌ ደበደብኩ።

"ሰማሽኝ?"

"በርዶኛል..."

መርሳ ነው እኮ፣ በጠራራ ፀሐይ። ብረቱ እጅ ይፋጃል።

"አብሪው" አለች።

ጧ... ጧ... ጧ...

ቦይለሩ በራ። ውሃው ተዘግቶ። እጄ ሳይነካው።

ሮጬ እሳቱን የሚያስነሱትን ሁለት ባትሪ ድንጋዮች ከቦይለሩ ነቀልኩ። መዳፌ ላይ ይዣቸዋለሁ። ነበልባሉ አልጠፋም። ቢጫ ነው፣ እያደገ ነው።

ራሴን ወቀረኝ። መስኮቱን በፓፓጋሎ፣ በቧንቧ መፍቻዬ፣ መታሁት፣ ወፍራም መስታወት ነው፣ አልተጫረም እንኳ። አባት የለኝም፣ እናቴን የማኖራት እኔ ነኝ። እዚህ ብቀር ማን አላት? እያልኩ በደረቴ ተስቤ በሩ ጋ ደረስኩ።

ካቻቢቴዬን ቀዳዳው ውስጥ ሰደድኩት። ጋዜጣው ተቀደደ። የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ብርሃን... አየር።

አፌን ደቅኜ ሳብኩ። ሳብኩ። ከዚያ ዓይኔን አስጠጋሁ፣ ሴትዮዋን ልለምናት።

ግቢው ባዶ ነው። ሰው የለም።

"በርዶኛል..."

ከኋላዬ ነው።

አልዞርኩም። በእናቴ ስም፣ አልዞርኩም። አፌን ከቀዳዳዋ አላነሳሁም።

ወለሉ ላይ የሆነ ሰው መጥቶ አጠገቤ ተኛ። ጀርባዬን ተጠጋ። ልብሴ በቀዝቃዛ ውሃ ራሰ።

"ትንሽ ተኚ" አለች። "አብረን እንሞቃለን።"

እንቅልፉ ደግሞ ይጣፍጥ ነበር...

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በሩ ተከፈተ። ቶፊቅ ብብቴ ሥር ይዞ ጎተተኝ። ተሸክሞኝ ወረደ። አብረውት ከመስጊድ የመጡት ጋሽ አብዱሰመድ መሬት ላይ አስቀምጠው በጋዜጣ ያራግቡልኝ ጀመሩ።

"አንቺ ልጅ፣ አላህ አተረፈሽ።"

አስመለሰኝ።

ቶፊቅ ግን እንደገና መሰላሉን ይዞ ወደ ላይ እየወጣ ነው።

"ወዴት ነው?" አሉት።

"ሌላይቱን ላምጣ።"

"የቷን?"

"አጠገቧ የተኛችውን ነዋ። ቡርቱካንን አስቀደምኩ፣ ያቺኛዋ ትንቀሳቀስ ነበር።"

"ቶፊቅ፣ አትግባ" አልኩ። ድምፄ አልወጣም።

አልገባም። በሩ ላይ ቆሞ እጁን ወደ ውስጥ ዘረጋ። ክንዱ ክብደት እንደያዘ ዝቅ አለ።

"አይዞሽ እህቴ" ሲል ሰማሁት። "ያዢኝ። ቀስ ብለሽ እርገጪ።"

የኋሊት መውረድ ጀመረ። አንድ እጁ መሰላሉ ላይ፣ አንዱ ወደ ላይ ተዘርግቶ፣ ሰው እየደገፈ። እሱ ብቻ ነው የሚታየው። ጋሽ አብዱሰመድ ማራገባቸውን አቆሙ።

ፀሐይዋ እንዳለች ነች። ደረቁ የብረት መሰላል ከቶፊቅ እጅ በላይ... አንድ እርከን ራሰ። ቀጥሎ ያለው ራሰ።

ቀጥሎም ያለው።