ሻለቃ ኤሊ አንደኛ ክፍል ገባ

ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ አንድ አባት አለ። ስሙ ደምሰው ነው።

ሰው ሲጭን «ጢጥ! ጢጥ!» እያለ ይሄዳል። ሰው ሲጠፋ ደግሞ ዛፍ ጥላ ሥር ይቆማል።

እዚያ ቆሞ ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? ይተኛል? አይተኛም። ስልኩን ይነካካል? አይነካካም።

ኮሚክ ያነባል!

አዎ፣ ኮሚክ! ያ በትንንሽ ሳጥኖች ውስጥ ሥዕል ያለበት፣ ሰዎቹ ሲናገሩ ከአፋቸው ነጭ ደመና የሚወጣበት መጽሐፍ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጺም አብቅለህ ኮሚክ?» ትለዋለች ሚስቱ።

«ጺሜ ምን ቸገረው? እሱም ይወዳል፤» ይላል ደምሰው።

ደምሰውና ሚስቱ አንዲት ልጅ አለቻቸው። ትርሲት ትባላለች።

ትርሲት ስድስት ዓመቷ ነው። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ስትስቅ በጥርሶቿ መስኮት ምላሷ ይታያል።

ማታ ማታ አባዬ ከሥራ ሲመጣ፣ ከአልጋው ሥር አንድ ካርቶን ይጎትታል። ካርቶኑ ኮሚክ ብቻ ነው።

«ዛሬ የትኛውን እናንብብ?» ይላል አባዬ።

«ሻለቃ ኤሊን!» ትላለች ትርሲት።

«ትናንትም እሱን አነበብን እኮ!»

«ዛሬም እሱን!»

«እሺ፣ ምን አደርጋለሁ? ዛሬም እሱን።» አባዬ እንደዚህ ይላል እንጂ በሆዱ ደስ ብሎታል። እሱም ከሁሉ የሚወደው ሻለቃ ኤሊን ነው።

ሻለቃ ኤሊ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ኤሊ ነው። የተቸገረ ካለ ለመርዳት ይነሳል። ኤሊ ስለሆነ ግን መሮጥ አይችልም።

ስለዚህ እንዲህ እያለ ይሄዳል፦ «ቀስ! ቀስ! መጣሁ፣ ደረስኩ!»

እናንተም በሉ እስቲ። «ቀስ! ቀስ! መጣሁ፣ ደረስኩ!»

ካርቶኑ ውስጥ ካሉት ኮሚኮች ሁሉ ያረጀው ይኸው ነው። ወረቀቶቹን አንድ ላይ የያዘው ሽቦ ዝጎ ረግፏል፤ ወረቀቶቹም ተለያይተዋል።

ታዲያ አንድ ቀን ትርሲት አንደኛ ክፍል ልትገባ ሆነ። በምዝገባው ቀን መምህርቷ ለልጆቹ ሁሉ እንዲህ አሉ፦

«ሰኞ ትምህርት ይጀመራል። ደብተሮቻችሁን ለብዳችሁ ኑ! ያልተለበደ ደብተር እንዳላይ!»

ደብተር መለበድ ታውቃላችሁ አይደል? ደብተሩ እንዳይቆሽሽ ወረቀት ማልበስ ነው። ደብተርም ራቁቱን ትምህርት ቤት አይሄድማ!

«እሑድ ማታ አብረን እንለብዳለን፤» አለ አባዬ።

እሑድ ደረሰ። ግን የሐዋሳ ሰው ሁሉ ለልጁ ቦርሳና ጫማ ሊገዛ ወጣ። ሁሉም ባጃጅ ፈለገ።

«ጢጥ! ጢጥ!» አባዬ ወዲያ ሄደ። «ጢጥ! ጢጥ!» አባዬ ወዲህ መጣ። ቤት ግን አልመጣም።

ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ አዘነበለች። ትርሲት በር ላይ ቆማ ጠበቀች፤ ጠበቀች። አባዬ የለም።

ገብታ ደብተሮቿን አልጋ ላይ ደረደረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አምስቱም ራቁታቸውን ናቸው!

«እማዬ፣ ደብተሬን በምን ልለብድ?»

እማዬ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠበች ነበር። እጇ በአረፋ ተሞልቷል።

«አሮጌ ጋዜጣ ፈልጊ የኔ እናት፤» አለች። «የተገነጣጠለ ወረቀት ካለም እሱ ይሆናል።»

ትርሲት ፈለገች። ጠረጴዛው ሥር ጋዜጣ የለም። ቁም ሣጥኑ ላይ ጋዜጣ የለም። ከበሩ ኋላም ጋዜጣ የለም።

አልጋው ሥር ስታይ ካርቶኑን አየች። ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ ሻለቃ ኤሊን አየች።

«የተገነጣጠለ ወረቀት!» አለች ትርሲት።

ወረቀቶቹ ትልልቅ ናቸው። ቀለማቸውም ያምራል። የጎረቤታቸው ልጅ ደብተሩን በኳስ ተጫዋቾች ሥዕል ለብዷል፤ የትርሲት ደብተር በሻለቃ ኤሊ ቢለበድስ?

«አባዬ ሲያይ እንዴት ደስ ይለው ይሆን!» ብላ አሰበች።

መቀስ አመጣች። «ቀጭ! ቀጭ!»

ወረቀቱን አጠፈች። «ኮሽ! ኮሽ!»

ጠማማ እንዳይሆንባት ለራሷ እየነገረች ሠራች፦ «ቀስ! ቀስ! መጣሁ፣ ደረስኩ!»

ጫፍ ጫፉን በፕላስተር አጣበቀች። የአማርኛ ደብተር ለበሰ። የሒሳብ ለበሰ። የእንግሊዝኛ፣ የአካባቢ ሳይንስና የሥዕል ደብተርም ለበሱ።

እውነቱን ለመናገር፣ አንዱ ትንሽ ጠሟል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሠራ ሰው ግን ጎበዝ ያሰኛል።

«ጢጥ! ጢጥ!» አባዬ መጣ!

ትርሲት ሮጣ እጁን ያዘችው። «አባዬ፣ ዓይንህን ጨፍን! እንዳታጭበረብር!»

አባዬ ጨፈነ። ትርሲት እየጎተተች አልጋው ጋ አደረሰችው።

«አሁን ክፈት!»

አባዬ ዓይኑን ከፈተ። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ አንዱን ደብተር አነሳና አገላብጦ አየው።

ጎንበስ ብሎ ካርቶኑን አየ። ከዚያ በኋላ ግን አልሳቀም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አልጮኸም፤ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«አባዬ... አላማረም?»

«አምሯል የኔ ልጅ፤» አለ አባዬ በቀጭን ድምፅ። «ግን ይሄን ኮሚክ እኔ ያንቺን ያህል ሳለሁ አባቴ ነበሩ የሚያነቡልኝ። ከሳቸው የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።»

ትርሲት ክው አለች። አያቷን አታውቃቸውም፤ የሞቱት እሷ ሳትወለድ ነው። አባዬ ኮሚኩን የሚወደው ለዚህ መሆኑን ማንም አልነገራትም።

«እመልሰዋለሁ! አሁኑኑ እመልሰዋለሁ!» ብላ ፕላስተሩን ሳበች።

«ሽርርርጥ!» በኮሚኩ የፊት ገጽ ላይ ያለው የሻለቃ ኤሊ ቀይ ኮፍያ ለሁለት ተቀደደ።

 እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

እማዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። ደብተሮቹን አየች፤ ካርቶኑን አየች፤ አፏን ያዘች።

«ውይ በሞትኩት! ጥፋቱ የኔ ነው ደምሰው። የተገነጣጠለ ወረቀት ፈልጊ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«የማንም ጥፋት አይደለም፤» አለ አባዬ። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።»

እንደዚህ ይበል እንጂ ፊቱ አልተፈታም። ዓይኑ ከተቀደደው ኮፍያ ላይ አልተነሳም።

ትርሲት አፍንጫዋን ጠረገችና አሰበች። ወረቀቱን መመለስ አትችልም። ሌላ ሻለቃ ኤሊ ከየትም አታመጣም።

እሷ ሲከፋት አባዬ ምን ያደርጋል? ያነብላታል። በቃ፣ ሌላ ነገር አያደርግም።

«አባዬ፣» አለች፣ «ላንብብልህ?»

«ማንበብ ትችያለሽ እንዴ?»

«ማንበብ የምማረው ነገ ነው። ይሄን ግን እችላለሁ።»

አምስቱን ደብተሮች በተራ ደረደረች። ጣቷን የመጀመሪያው ሥዕል ላይ አደረገች።

«አንዲት ትንሽ ጫጩት ጉድጓድ ውስጥ ወደቀች። 'ጪው! ጪው! አውጡኝ!' አለች።»

አባዬ አሁንም የተቀደደውን ኮፍያ ያያል።

ጣቷን ሁለተኛው ደብተር ላይ አደረገች። «ፈረስ መጣ። 'ዱግ! ዱግ! ዱግ!' በጣም ስለሚሮጥ አልሰማትም። አለፋት!»

አባዬ በዓይኑ ጣቷን ተከተለ።

«ከዚያ ሚዳቋ መጣች። 'እመር!' ብላ ጉድጓዱን ዘለለችው። እሷም በጣም ስለምትፈጥን አልሰማቻትም። ጫጩቷ ግን 'ጪው! ጪው!' እያለች ነው።»

አሁን ሻለቃ ኤሊ ሊመጣ ነው። ግን የሚመጣበት ሥዕል የለም!

ለካ ወረቀቱ ሁለት ፊት አለው። አንዱ ፊት ወደ ውጭ ሆኗል፤ ሻለቃ ኤሊ የሚመጣበት ፊት ደግሞ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተጣብቋል።

«ሲመጣ እንኳ አይታይም፤ ተሸፍኗል፤» አለ አባዬ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ቢሸፈንም እኔ ጋ አለ!» አለች ትርሲት።

ከአልጋው ወረደች። ጀርባዋን አጎበጠች። አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀበረች።

መጀመሪያ ሁለት ጊዜ አሳለች። «እህህ! እህህ!»

ከዚያ ድምፅዋን አወፈረች። «ቀስ! ቀስ! መጣሁ፣ ደረስኩ!»

አባዬ ቀና አለ።

ትርሲት ግን አላቆመችም። «ሻለቃ ኤሊ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ትንሿን ድምፅ ሰማት። አንገቱን ወደ ጉድጓዱ ዘረጋላት። እሷም አንገቱ ላይ ወጣች። ከዚያ 'እህህ! እህህ! ያዝ አድርጊኝ ልጄ!' አላት። ወጣች!»

«ቆይ፣ ቆይ፤» አለ አባዬ። «ለምንድን ነው ያሳልሽው?»

«ሻለቃ ኤሊ ያስላል እኮ!»

«ማን አለ?»

«አንተ ነሃ! ስታነብልኝ ሁልጊዜ ያስላል።»

አባዬ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሳቀ። ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

«ትርሲትዬ፣ ኮሚኩ ላይ ሳል የለም።»

«አለ!»

«የለም። ሳሉ የአያትሽ ነው። ሲያነቡልኝ ጉሮሯቸውን ይከረክራቸው ነበር። ሻለቃ ኤሊ ሊናገር ሲል ሁልጊዜ 'እህህ! እህህ!' ይላሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔ ሳላውቀው ተማርኩት። አንቺ ደግሞ ከኔ ተማርሽው። እኔ ሞኙ አባቴ ወረቀቱ ላይ ያሉ መስሎኝ!»

ልጁን ብድግ አደረገና አቀፋት። ጺሙ ጉንጯን ወጋት፤ ትርሲት ግን አንገቱን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«እስቲ ድገሚልኝ፤» አለ። «እንደ አያትሽ አድርገሽ።»

ትርሲት ደገመች። «እህህ! እህህ!»

አባዬም አሳለ። «እህህ! እህህ!»

ኮሚክ የማትወደው እማዬ እንኳ አሳለች። «እህህ! እህህ! ኧረ ተዉ፣ ጎረቤት ጉንፋን የገባብን ይመስለዋል!»

ሦስቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ አባዬ ፕላስተር ቆረጠ። የሻለቃ ኤሊን ኮፍያ በጥንቃቄ ገጠመለት።

«ሁሉንም ልላጠውና ካርቶኑ ውስጥ እናስቀምጠው?» አለች ትርሲት።

«የለም፣ ይሂድ፤» አለ አባዬ። «ይሄን ሁሉ ዓመት አልጋ ሥር ከሚተኛ፣ ሻለቃ ኤሊም አንደኛ ክፍል ይግባ። ይማር!»

ከዚያ እስክሪብቶ አመጣ። የተለበደ ደብተር ላይ ስም ይጻፋላ!

በመጀመሪያው ደብተር ላይ ጻፈ። ትርሲት ጎንበስ ብላ አየች። ሦስት ቃል ነው።

«ይሄ ማን ይላል?» አለች፣ የመጀመሪያውን እየነካች።

«ትርሲት። አንቺ ነሽ።»

«ይሄስ?»

«ደምሰው። እኔ ነኝ።»

«ይሄ ሦስተኛውስ?»

«ቦጋለ፤» አለ አባዬ። «አያትሽ ናቸው። ሙሉ ስም ሲጻፍ የአያት ስምም አብሮ ይጻፋል።»

ትርሲት ሦስተኛውን ስም ዳሰሰችው። አያቷን አይታቸው አታውቅም። ስማቸው ግን ከስሟ ጋር አንድ መስመር ላይ ተቀምጧል።

አባዬ በአምስቱም ደብተሮች ላይ ጻፈ። በአምስቱም ላይ ትርሲት ጣቷን እያስኬደች ተከተለችው። «ትርሲት፣ ደምሰው፣ ቦጋለ። ትርሲት፣ ደምሰው፣ ቦጋለ።»

«ኧረ አነበብሽ!» አለች እማዬ። «ትምህርት ቤት ሳትገቢ!»

«ሦስት ቃል ብቻ ነው የማነበው፤» አለች ትርሲት። «ሌላውን ነገ እማራለሁ።»

እማዬ ደብተሮቹን ቦርሳው ውስጥ ከተተችና መብራቱን አጠፋች። አባዬ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበላት።

«አባዬ፣» አለች ትርሲት በእንቅልፍ ድምፅ፣ «አያቴ ስማቸውን እንዳነበብኩ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?»

አባዬ ጎንበስ አለ። ግንባሯን ሳማትና፣ «ጎበዝ የኔ ልጅ ይሉሽ ነበር፤» አላት።

ትርሲት ፈገግ ብላ እንቅልፍ ወሰዳት።