በሁለት ሚሊሜትር የተበለጠችው

ያን ዕለት ሁለቱም ባያረፍዱ ኖሮ ምናልባት ሰላም ተባብለው ብቻ ይመረቁ ነበር።

ኮሌጁ ትንሽ ነው። ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ሕንፃ፣ ስምንት ክፍል፣ አንድ ሰፊ ግቢ፣ ወረፋ የማይጠፋበት አንድ የውሃ ቧንቧ። የቅየሳ ተማሪዎቹ አሥራ ስድስት ናቸው። መምህራቸው ለትንሿ ስህተት ግማሽ ሰዓት ስለሚቆጣ «ሚሊሜትር» የሚል ስም አውጥተውለታል።

«እናንተ አርፋጆች!» አለ የዚያን ቀን ጠዋት። «ሌላው ሁሉ ጓደኛውን መርጦ ጨርሷል። እንግዲህ እርስ በርስ ተቻቻሉ!»

እሷ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት፤ ቀልጣፋ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቋ ሦስት ክፍል አልፎ የሚሰማ። እሱን «ረጅሙ» ይሉታል። በር ሲገባ ጎንበስ ይላል፤ ወሬው ግን ከቁመቱ ጋር አይመጣጠንም፤ «አዎ» እና «አይ» ካለ ብዙ ተናገረ ይባላል። ቁጥር የተጻፈበትን ዘንግ ይዞ ግቢው ጫፍ ላይ ቆመ። እሷ ባለ ሦስት እግሩ መሣሪያ ላይ አጎንብሳ አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

መሣሪያው አሮጌ ስለሆነ ምስል ገልብጦ ነው የሚያሳየው። ዘንጉ ተዘቅዝቆ ታያት። ከጎኑ ደግሞ አንድ የተዘቀዘቀ ፊት፤ ወፍራም ቅንድብ፣ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ አፍ፣ እንዳይነቃነቅ ትንፋሹን የዋጠ ሰው።

ሳቋ አመለጣት።

«ስንት ይላል?» ብሎ ጮኸ ከማዶ።

«ዝም በል፣ እያነበብኩ ነው!»

እያነበበች አልነበረም። ቅንድቡን እያየች ነበር።

ሲጨርሱ ስሌቱ አልገጥም አለ። ሚሊሜትር ደብተራቸውን ተመለከተና መነጽሩን አወለቀ።

«በእናንተ ሂሳብ ግቢያችን ከጠዋት ጀምሮ አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር ሰምጧል። ጨርሶ ሳይውጠን እንውጣ ወይስ ደግማችሁ ትለካላችሁ?»

ተማሪው በሳቅ ፈነዳ። እሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት ረጅሙ ቀደም አለ።

«ዘንጉን ያጋደልኩት እኔ ነኝ።»

አላጋደለም። ሁለቱም ያውቃሉ። ቀና ብላ አየችው፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ምንም ሳትናገር ነው መንገዱን የጨረሰችው፤ ለእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ የሚለያቸው አልተገኘም። ሲለኩ አብረው፣ ቧንቧው ጋ ሲሰለፉ አብረው። ረጅሙም ቀስ በቀስ አፉን ፈታ። ስለ አውቶቡስ ሹፌሩ አባቱ አጫወታት፤ መንገድ በተዘጋጋ ቁጥር እየዘፈነ ተሳፋሪውን ስለሚያስቀው ሰውዬ። እሷም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የሚዋደዱ መሆናቸውን ግቢው ሁሉ አወቀ፤ ለራሳቸው ግን አንዳቸውም አልተናገሩም።

አንድ ሳምንት አሟት ስትቀር ማስታወሻ ይዞላት ወደ እናቷ ሱቅ መጣ። እናትየው መስኮቱ ጋ ቆማ መርፌውን ወደ ብርሃን እያነሳች ክሩን ታሽከረክራለች፤ ክሩ አልገባ ብሏል። ዓይኗ ደክሟል። ረጅሙ ተቀበላትና በአንድ ጊዜ አስገባላት።

«ቁመት ለአምፖል መቀየሪያ እንጂ ለመርፌ ይሆናል ብዬ አላውቅም ነበር» አለች እናት።

ረጅሙ ሳቀ። የዓይኗ ነገር ግን ልቡ ውስጥ ቀረ።

በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ጥያቄ ላከ፤ ከኮሌጁ አንድ ተማሪ ብቻ፣ ስድስት ወር ልምምድ፣ ከዚያ ቋሚ ሥራ። በተግባር ፈተና አንደኛ የወጣ ይሄዳል። አንደኛነቱ ከሁለቱ እንደማያልፍ ሁሉም ያውቃል።

ተፈተኑ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ደብተሩ ለመምህሩ ከመሰጠቱ በፊት ጥንዶቹ ይለዋወጣሉ፣ አንዱ የሌላውን ስሌት አይቶ ይፈርማል። እሷ የእሱን ገለጠች። አራተኛው መስመር ላይ አንድ ነጥብ ስምንት አራት ሁለት ይላል። ከሥሩ በላጲስ የጠፋ ቁጥር አለ፤ ደብተሩን ወደ ብርሃን ስታዘነብለው ታያት፤ አንድ ነጥብ አራት ስምንት ሁለት።

ይዛው ከክፍሉ ጀርባ ወጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ተሳስቼ ነው።»

«አንተ? ቁጥር? እንኳን ነቅተህ ተኝተህም አትሳሳትም! እያወቅህ ነው ያበላሸኸው።»

እሷ ደብተሩን ዓይኑ ሥር ደቀነችው።

«የእናትሽ ዓይን...» አለ በመጨረሻ። «ሥራው ለአንቺ ይበልጥ ያስፈልጋል።»

«አዘንክልኝ ማለት ነው?»

«አላዘንኩም።»

«ታዲያ?»

«ወድጄሽ ነው።» ድምፁ ሊጠፋ ደረሰ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

ስንት ወር ስትጠብቀው የነበረ ቃል እንዲህ በንዴቷ መሐል መጣባት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከንፈሯ ግን ፈገግ አለ፤ የትኛውን እንደምትከተል ጠፋት።

«እኔም እወድሃለሁ፣ አንተ ጅል!» አለችው። «ስለምወድህ ነው የማልፈርምልህ። ዛሬ በውሸት ብታሳልፈኝ ዕድሜዬን ሙሉ ባለውለታህ ሆኜ ልኖር ነው? ቁጥርህን መልስ። ማሸነፍ ካለብህ በሐቅ አሸንፈኝ።»

«ካሸነፍኩሽስ?»

«አለቅሳለሁ። ከዚያ እነሳለሁ።»

መለሰው። ፈረመች። ስህተቱ ከእሷ በሁለት ሚሊሜትር አንሶ በለጣት።

እንዳለችውም አለቀሰች፤ የእናቷ መስፊያ መኪና አጠገብ ተቀምጣ።

«ያሸነፈሽ ልጅ ደህና ሰው ነው?» አለቻት እናት።

«ደህና ነው፣ እማዬ። ጅል ነው እንጂ።»

እናት ፈገግታዋን ጨርቁ ውስጥ ደበቀች።

እሱ ሄደ። እሑድ እሑድ ይደውላል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሚሊሜትር አስጠራት፤ የከተማው ውሃ ሥራ አዲስ መስመር ሊዘረጋ ነውና ቀያሽ ይፈልጋል። «ለማንም ተማሪዬ መስክሬ አላውቅም፤ ላንቺ ግን ጽፌያለሁ» አለና ምስጋናዋን ሳይጠብቅ ፊቱን አዞረ። የመጀመሪያ ደመወዟን ስትቀበል እናቷን ይዛ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደች።

ስድስተኛው ወር ባለቀ በማግስቱ፣ ከቀትር በኋላ፣ ረጅሙ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመ። ፀሐይ አጥቁሮታል፤ ሸሚዙ ግን አዲስ ነው። እሷም ከሥራ መመለሷ ነበር፤ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። ተያዩ።

«አቤት፣ ምን ፈልገህ ነው?» አለች እናት፣ በአዲሱ መነጽሯ አሻግራ እያየችው።

«መንገዱ ወደዚህ ከተማ ደርሷል፤ ከሚቀጥለው ወር እዚሁ ነው የምሠራው» አለ።

«የመንገዱን ሰማን። ያንተንስ?»

ትንፋሹን ሳበ። «ልጅዎን ላገባት እፈልጋለሁ። እሺ ካለችኝ።»

«እሺ ብያለሁ» አለች ልጅቷ፣ ሳይጨርስ።

«ኧረ ቀስ! ትንሽ እንኳ አትኮሪም?» አለች እናት፤ ሦስቱም ሳቁ። ከዚያ መቀሷን አስቀምጣ ተነሳችና ወንበር ሳበችለት።

«በል ግባ፣ ልጄ። ደጅ የሚቆመው እንግዳ ነው።»