በጀርባዋ የወደቀችው ቀንድ አውጣ

ሟቹ ከባሕር ውሃ ገንዳው ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ዓሣዎቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ይዋኛሉ። የቀኝ እጅጌው እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል፤ ክንዱ ላይ ጨው ደርቋል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ጣቱን አየች፤ መርፌ የወጋው የመሰለች ነጥብ አለች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት በከንቱ አይደለም፤ ዱቄቱን ታሳልፋለች፣ ጠጠሯን ታስቀራለች።

«እራቱ ነው የገደለው» አለ ከባልና ሚስቱ ጋር የሚኖረው የሟች ወንድም። «የሠራችው እሷ ናት። ምን ትጠብቃላችሁ፣ ውሰዷት እንጂ።»

ሚስትየው ወንበር ላይ ኩርምት ብላለች። በሩ ላይ ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ትእዛዝ ይጠብቃል።

«ባለቤትዎ ገንዳውን ይወዱት ነበር?» አለቻት መርማሪዋ።

«ከኔ አስበልጦ። የባሕር ቀንድ አውጣ በጀርባዋ ከወደቀች መገልበጥ ያቅታታል፣ እዚያው ትሞታለች ይላል። እኔ ትኩሳት ጥሎኝ ዞሮ አላየኝም፤ እሷ ስትወድቅ ግን ምግቡን ጥሎ ይነሣል። በባዶ እጁ ያቀናታል።»

«ለሰውስ?»

«እኛማ የጽዳት ቡድን ነበርን። ትርፍራፊና አረንጓዴ ዝቃጭ የሚበሉለትን እንስሳት እንዲያ ነው የሚላቸው። እንግዳ ሲመጣ፣ ‹ሚስቴ ቀንድ አውጣ፣ ወንድሜ ሸርጣን፤ የሰው ዛጎል ውስጥ ገብቶ የሚኖር› ይላል።»

ወንድምየው ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ከጥርሱ አላለፈም።

እንስሳቱን የምትሸጠው ሴት ተጠርታ መጣች። «ለጋሼ የምመርጥለት ዝቃጭ የሚልሱትንና አሸዋ የሚያገላብጡትን ብቻ ነው። ዓሣ የሚነካ አልሸጥም፤ ስሜን ላጠፋ ነው እንዴ?»

መርማሪዋ ሁሉንም ከክፍሉ አስወጥታ፣ መቆንጠጫ ይዛ አሸዋውን በረበረች። ሲመለሱ አንዲት ቀንድ አውጣ በጀርባዋ ወድቃ አገኟት።

«ሟቹ ቢኖሩ አይተው አያልፏትም ነበር። በየተራ አቅኗት።»

ሚስትየው እያለቀሰች እጇን ነከረች። መርማሪዋ ቀንድ አውጣዋን መልሳ በጀርባዋ ጣለቻት፤ ሻጯም ሳታመነታ እስከ ክርኗ ገባች። ወንድምየው ተራው ሲደርስ መቆንጠጫውን አነሣ።

«በእጅዎ።»

«ውሃው ይቀዘቅዛል።»

«ትናንት በእጅህ አልነበር የምታጸዳው?» አለች ሚስትየው ቀና ብላ።

መርማሪዋ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ውስጡ ጥልፍ የመሰለች ሾጣጣ ዛጎል አለች። «ይቺን አሸዋው ውስጥ ተቀብራ አገኘኋት። ቀንድ አውጣ ናት፣ ግን ዝቃጭ አትበላም፤ ዓሣ በመርዝ ወግታ ነው የምትውጠው። ለጽዳት የሚመርጣት የለም። ያስገባት ሰው ሌላዋን አጠገቧ ገልብጦ አስቀመጠ፤ ሟቹ እጃቸውን እንደሚሰዱ ያውቃላ። ስለዚህች ጉድ የማያውቁት ሁለቱ እጃቸውን ነከሩ። እርስዎ ግን እራት ነው የገደለው ብለዋል። ታዲያ ከውሃው ውስጥ ምን ፈሩ?»

ወንድምየው መቆንጠጫውን አስቀመጠ። «ስንት ዓመት ትርፍራፊውን በላሁ» አለ በመጨረሻ።

«እኔም አብሬህ በላሁ» አለች ሚስትየው። «አንተ ግን ለካቴና ሰጠኸኝ።»

ካቴናው እሱ እጅ ላይ ገባ።

«ሸርጣን ቤት አይሠራም» አለች መርማሪዋ፣ «እርስዎ» ማለቱንም ትታ። «ባዶ ዛጎል ነው የሚፈልገው። ላንተም ተገኝቶልሃል፤ ትንሽ ይጠብሃል እንጂ።»

ሲወጡ ቀንድ አውጣዋ ገንዳው ውስጥ እንደገና በጀርባዋ ወድቃ ነበር። ሚስትየው ቆማ አየቻት። ከዚያ እጇን በቀሚሷ አደራረቀችና መብራቱን አጥፍታ ወጣች።