የተቆለፈው ደወል

ጡረተኛው መምህር በጠራራ ቀትር፣ ነርሷ የክፍሉ በር ላይ ተቀምጣ ሳለ ሞቱ። የኦክስጅኑ ቱቦ ከአፍንጫቸው ወልቆ ትራሱ ላይ ወድቆ ነበር። ቱቦ ሲወልቅ የነርሷ ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒውተር መጮህ አለበት። መርማሪዋ በማግስቱ ደርሳ ስታስሞክረው ፎቁን እስኪያናጋ ጮኸ።

«ይኸው ይሠራል» አለ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ አንገቱን ደፍቶ። «ነርሷ እህቴ ናት፤ ግን እውነቱን መሸሸግ አልችልም። ሁለት ፈረቃ አከታትላ ሠርታ ደክሟት ነበር። አሸልቧት ይሆናል።»

የሟቹ ልጅ ድካም ብሎ ነገር አልገባትም። «ደወሉ እየጮኸ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ አባቴን ገደለችብኝ። መታሰር አለባት።»

ነርሷ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። «ደወል ሰምቼ ዝም ብዬ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለች። ወዲያው ደግሞ ድምፅዋ ሰለለ። «እንጃ፣ ወንድሜ እንዳለው ይሆናል። ግን አሁን የጮኸው የኛ ደወል አይመስለኝም። የኛው ቀጭን ነበር።»

ሁሉም የሰበብ ፍለጋ ነው ብለው አለፉት። ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ግን ዱቄቱን አሳልፋ ጠጠሩን ማስቀረት ታውቅበታለች። ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ወዳለበት ክፍል ወርዳ የኃላፊውን ረዳት ቴክኒሻን ጠየቀቻት።

«ደወሉን የሚያስጮኸው ፕሮግራም እዚህ ነው ያለው?»

«አዎ፣ አሮጌው ቨርዥን። የአዲሱ ድምፅ ወፍራም ስለሆነ ነርሶቹ ሳይለምዱት እንዳይገባ ብዬ ቆልፌዋለሁ። ሌላው ሁሉ ሲታደስ ሰርቨሩ እሱን ዘሎት ያልፋል።»

«ኃላፊሽ ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ። ‹እሺ እሺ› ብሎኝ ሄደ።»

«እዚህ ሰርቨር ላይ ትዕዛዝ መጻፍ የሚችለውስ?»

«እኔና እሱ ብቻ።»

መርማሪዋን ነገሩ ከነከናት። በዚህ ሙያ የሚያውቅ ሰው ስህተቱን ይሸፍናል፤ የጣቱን ልማድ ግን መሸፈን ይከብደዋል ብላ አሰበች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ስብሰባ ክፍል ሰበሰበች። ጠረጴዛው ላይ መለማመጃ ኮምፒውተር አለ። «የደወሉን ፕሮግራም አጥፍታችሁ መልሳችሁ ጫኑልኝ» አለቻቸው ኃላፊውንና ቴክኒሻኗን፤ ለምን እንደሆነ አልተናገረችም።

ቴክኒሻኗ ማሽኑ የጠየቃትን መስመር በመስመር አነበበች። ስትመልሰው ከፕሮግራሙ ስም ቀጥላ የአሮጌውን ቨርዥን ቁጥር ጻፈች። ደወሉ ቀጭን ድምፅ አሰማ።

ኃላፊው ተራው ሲደርስ ጣቱ ጋለበ። ማሽኑ ጥያቄውን ሳይጨርስ «አዎ» ብሎ አለፈው። ሲመልሰውም የጻፈው የፕሮግራሙን ስም ብቻ ነበር። ወፍራሙ ደወል ክፍሉን ሞላው።

«ይኸው፣ ቅድም የጮኸው ድምፅ እሱ ነው» አለች ነርሷ።

«የተቆለፈ ፕሮግራም በራሱ አይታደስም» አለች መርማሪዋ። «ቀጭን የነበረ ደወል ከወፈረ፣ አንድ ሰው አጥፍቶ እንደገና ጭኖታል። ጠፍቶ ሳለ ደግሞ አይጮህም፤ ነርሷም የምትሰማው ነገር አልነበረም። ቴክኒሻኗ ብትሆን የቆለፈችውን አሮጌውን ትመልስ ነበር። ስሙን ብቻ ለሚጽፍ ሰው ግን ማሽኑ የሚያመጣለት አዲሱን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እርስዎ ደግሞ ሲለቅሙም ቸኮሉ።»

የኃላፊው ፊት አመድ መሰለ። «ሰርቨሩ ሞልቶብኝ አንድ የማይረባ ፕሮግራም እያጠፋሁ ነበር» አለ። «ለካ ደወሉ እሱ ላይ ተደግፎ ነው የሚሠራው። ማሽኑ ሁለቱም ይጥፉ ወይ ብሎ ጠይቆኛል፤ ሳላነብ አዎ አልኩት። ሰውየው መሞታቸውን ስሰማ ሮጬ መለስኩት።» ወደ እህቱ ዞረ። «አንቺን ቢበዛ ከሥራ ያግዱሻል፣ እኔን ግን ያስሩኛል ብዬ ነው።»

ነርሷ አልጮኸችበትም።

«ትናንት ማታ ቤትህ መጥቼ ሳለቅስ እንባዬን የጠረግክልኝ አንተ ነህ። ‹አሸልቦሽ ነው፣ የሰው ነገር ነው› አልከኝ። አመንኩህ እኮ፣ ወንድምዓለም። ቅድም ልጃቸው እግር ላይ ወድቄ፣ አባትሽን የገደልኩት እኔ ነኝ ብያታለሁ።»